ሐምራዊው ጉንጉን

«ይሄኛው ይንቀጫቀጫል» አለች ሳጃኒ፣ ዋልነቱን ጆሮዋ ሥር እያወዛወዘች።

«ደጃፍ ላይ በድንጋይ ለሚፈረከስ ዋልነት ይሄን ያህል ምርጫ?» አለ ሻጩ። «ልታገቢው ነው እንዴ እታለም?»

«ለወንድሜ ነው።»

«አሳን ገበያ የመጣች ሁሉ ለወንድሟ ነው የምትገዛው። ለባሌ ብላ የገዛች አንዲት ሴት እስካሁን አላየሁም።»

ከኋላዋ ሻንጣ ተሸክሞ የቆመው ባሏ ራቢን ሳቀ። «እሱስ እውነቱን ነው» አለ። «እኔ ይኸው ከተጋባን ጀምሮ አንድ ፍሬ ደርሶኝ አያውቅም።»

ሳጃኒ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ሰድዳ ከሥር ያለውን፣ ከባዱንና ድምፅ የሌለውን መርጣ አወጣች። ዋልነቱ በአንድ ምት መሰበር አለበት። ሞት በወንድሟ ደጅ ቆሞ ከሆነ አናቱን የምትለው በዚያች ምት ነው። በወንድሞች ቀን ግንባሩን ቀብታ የዓመቱን ክፉ የምታባርርለት እህት ናት፤ ሌላ ማንም አይችልም። ከምትኖርበት ከናራያንጋት ድረስ በአውቶቡስ የመጣችው ለዚሁ ነው።

አሳን አደባባይ ላይ ስድስት መንገድ ይገናኛል፤ በአምስት ቀኑ የመብራት በዓል በትሃር ሰሞን ደግሞ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ሰው ይተፋሉ። ቢጫ አበባ እስከ ጉልበት ተከምሯል፤ የቀለም ዱቄት በሳህን በሳህን ተቆልሏል፤ ሞተር ሳይክሉ በሰው ትከሻ መሀል ካልገባሁ ይላል። የውሾች በዓል ትናንት ስለነበር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የጠወለገ ጉንጉኑን ከአንገቱ ሳያወልቅ ደረጃ ላይ ተጋድሟል። እዚህ የተወለደ ሰው ትከሻውን አስቀድሞ ነው የሚሄደው፤ የሳጃኒ ትከሻ ዘጠኝ ዓመት ቢርቅም አልረሳም። ራቢን ግን በደረሰበት ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ለሰው ማለፊያ ሆነ።

«ይቅርታ አትበላቸው፣ ግፋቸው» አለችው።

«የአንቺ አገር ሰዎች ናቸው፤ አንቺ ግፊያቸው።»

ዘጠኝ ዓመት ቀልድ አይደለም። ራቢንን ስታገባ ታላቅ ወንድሟ ፑርና የቤቱን በር ዘጋባት። ራቢን ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው፤ በሕይወቱ ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። ግን አባቱም አያቱም ሥጋ ቆራጮች ነበሩ። በሳጃኒ ወገኖች ዘንድ ደግሞ ሥጋ ቆራጭነት እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ዘር ነው የሚቆጠረው፤ ከእነሱ እጅ ውሃ አይጠጣም ይባል ነበር። ሕጉ ይህን ከሻረው ቆይቷል። ለፑርና ግን የነገረው ያለ አይመስልም።

ከዚያ በበጋ እንደሚመጣ ዝናብ ሳይታሰብ ስልክ ደወለ። «ሳጁ» አላት፣ በልጅነት ስሟ። «ትሃርን እዚህ አሳልፉ። ራቢንንም ይዘሽው ነይ።» እስከዚያ ቀን «ያ ሰውዬ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ሳጃኒ ስልኩን ዘግታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቱም፣ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣውም ሁሉ «ወንድሜ ጠራኝ» ስትል ሰነበተች። ክቡን የሩዝ ዳቦ ልክ እናታቸው ታደርገው እንደነበረው በንጥር ቅቤ ጠብሳ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ራቢን ሽታው ገድሎት በመንገድ አንዱን ሊሰርቅ ቢሞክር እጁን በጥፊ ብላዋለች።

ፑርና ግን መናኸሪያ አልመጣም። የተቀበላቸው በስልክ ነው።

«ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል» አላት። የአባታቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ካደረገው ዓመታት አልፈዋል፤ ጣሪያው ላይም ምግብ ቤት ከፍቷል። «ከጀርባ ባለችው ሎጅ ክፍል ይዤላችኋለሁ፣ ሒሳቡን አታስቡ። ሰፈሩን ዙሩ፣ ለራቢን አሳዪው። በወንድሞች ቀን እንገናኛለን።»

«ግንባርህን የምቀባህ ቤት ነው አይደል ወንድምጋሼ? በእናታችን ክፍል ውስጥ?»

«እንነጋገራለን ሳጁ። ሰው መጣብኝ።»

ራቢን የሎጁ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ «ለምን ቤቱ አላሳረፈንም?» አላት።

«ቤቱ ሞልቷል አለ። በዓል አይደል፣ ምን ያድርግ።»

ራቢን አንገቱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን ጫማ ፈትቶ አልጋው ሥር ገፋ።

ያን ዕለት ማታ የሀብት እንስት አምላክ መንገድ እንዳይጠፋባት እያንዳንዱ ቤት ከደጃፉ እስከ ጓዳው መብራት ደረደረ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ልጆች በር ለበር እየዘፈኑ ሳንቲምና ዳቦ ይለቅማሉ፤ የናስ ዕቃ ሻጩ ድስቱን ሁሉ ወልውሎ ሰፈሩ በእጥፍ በርቷል። ሳጃኒ ባሏን አንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስገብታ፣ ጎንበስ ብለው አልፈው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ብቅ አሉ።

«ይኸውልህ» አለችው። «መሀለኛዋ መስኮት። እዚያ ተቀምጬ ነበር የቤት ሥራ የምሠራው። ወንድምጋሼ ከታች ኦቾሎኒ ይወረውርልኝ ነበር።»

መስኮቷ የተጠረበ እንጨት ናት፤ አሁን ዙሪያዋን የኤሌክትሪክ አምፖል ተጠምጥሞባታል። ከጣሪያው ሳቅና የሹካ ድምፅ ይሰማል። መስኮቷ ላይ የፑርና ሚስት ሻንታ ብቅ አለች። ወደ ታች አየች። ሳጃኒ እጇን አነሳች። መጋረጃው ተዘጋ።

«አላየችንም» አለች ሳጃኒ። «ጨለማ ነው።»

ራቢን ቀና ብሎ ግቢውን ሙሉ ያበራውን መብራት አየ፤ ከዚያ እጇን ያዘ።

በማግስቱ ከቁርስ ጀምሮ ሲዞሩ ዋሉ። እውነት ለመናገር ሳጃኒ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። የዶቃ ነጋዴዎቹ ሰፈር ሄዳ አንገቷ ላይ ሃያ ዓይነት ዶቃ ለካች፤ አልገዛችም፤ ሻጩም አልተቀየመም። ከሰማይ ወደቀ የሚባለውን የድንጋይ ዓሣ አሳየችው። ራቢን ጥርሱን እያመመው ስለነበር ወደ ጥርስ አምላኩ ወሰደችው፦ መንገድ ዳር የቆመ የግንድ ጉቶ ነው፤ ጥርሱን ያመመው ሁሉ ሳንቲም በሚስማር ስለመታበት እንጨቱ አይታይም። መንገዱን ተከትሎ የጥርስ ሐኪሞች ሱቅ በሱቅ ተሰልፈው፣ በመስታወታቸው ውስጥ የሰው ሠራሽ መንጋጋ ይስቃል።

«አምላኩ ካልሠራ ሐኪሞቹ አሉ» አለ ራቢን ሳንቲሙን እየመታ። «ሐኪሞቹም ካልሠሩ አምላኩ አለ። አይ ብልጥ ሰፈር።»

«ዝም ብለህ ምታ።»

«ወንድምሽስ ምኑን ያመዋል? ለእሱም አንድ ልምታለት?»

«ተው ራቢን።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ንግሥቲቱ ኩሬ ወጡ። ኩሬው መሀል ነጭ ቤተ መቅደስ አለ፤ ወደ እሱ የሚወስደው ድልድይ ደግሞ በብረት በር ተቆልፎ ዓመቱን ይከርማል። የሚከፈተው በወንድሞች ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ወንድም የሌላት ሴት፣ እህት የሌለው ወንድ ገብተው እዚያው ይቀባሉ። ሁለት ሰዎች በሩን ዘይት ይቀቡ ነበር፣ ለነገ።

«ልጅ ሳለሁ ሰልፉን ለማየት እንመጣ ነበር» አለች ሳጃኒ፣ አጥሩን ይዛ። «ወንድምጋሼ ትከሻው ላይ ያወጣኛል። አንዴ 'እነዚህ ለምን ይሰለፋሉ?' አልኩት። 'ማንም የላቸውም' አለኝ። ፈርቼ አለቀስኩ። ከዚያ 'አንቺ እዚያ አትሰለፊም፣ እኔ አለሁልሽ' አለኝ። ቤት እስክንደርስ ትከሻው ላይ እንዳለሁ ነበር።»

የራቢን ስልክ ጮኸ። ታናሽ እህቱ ሙና ናት፣ ከናራያንጋት፤ ድምጿ ከስልኩ አልፎ ለሳጃኒም ይሰማል።

«አንተ፣ ነገ ግንባርህን ለማን ልትሰጠው ነው? እኔ ጉንጉኑን ሠርቼ ጨርሻለሁ።»

«ማታ እደርሳለሁ ሙና።»

«ማታ ማታ እያልክ ቀኑ እንዳያልፍ። ካልመጣህ ለጎረቤቱ ፍየል ነው የምቀባው፣ እሱ ይሻላል።»

ሳጃኒ አፈረች። ይህ ሰው ለእሷ ብሎ የገዛ እህቱን በር ላይ አቁሞ መጥቷል።

በወንድሞች ቀን ጠዋት ቀይ ጥለት ያለውን ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሳህኑን አዘጋጅታ፣ ጸጉሯን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሠራች። ሰባቱ ቀለሞች፣ ዘይቱ፣ ዋልነቱ፣ ዳቦው። ከሁሉም በላይ ጉንጉኑ፦ በማይጠወልገው ሐምራዊ አበባ በእጇ የጎነጎነችው። ወንድም ያንን አንገቱ ላይ አጥልቆ ውሎ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ ያቆየዋል። ለመቀባት ደግ የሚባለው ሰዓት በሬዲዮ ተነግሯል፤ ገና ነው። በሩ ተንኳኳ።

ፑርና ነው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፤ አፍንጫውንና አፉን በአቧራ መከላከያ ጨርቅ ሸፍኗል። ጸጉሩ ሸብቷል። ሳጃኒ ሳህኑን አልጋው ላይ ጥላ ተጠመጠመችበት።

«ልትወስደን መጣህ» አለች። «እኔ እኮ ብቻችንን ልንመጣ ነበር። ራቢን፣ ጫማህን አድርግ።»

«ቆይ ሳጁ፣ ቆይ» አለ ፑርና፣ በሩን ከኋላው እየዘጋ። «እዚሁ እናድርገው።»

ራቢን ተነስቶ የተቀመጠባትን አንዷን ወንበር አቀረበለት። ፑርና መሐረቡን አውጥቶ ወንበሩ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ሳጃኒ ያንን መሐረብ አየችው። ራቢንም አየው።

«ሴት ልጄ ልትታጭ ነው» አለ ፑርና። «የልጁ ቤተሰቦች ዛሬ ምሳ ጣሪያው ላይ ናቸው። ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ የድሮ ቤተሰብ። ይገባሻል።»

«አይገባኝም።»

«ሳጁ፣ እኔ ምንም ክፋት የለኝም። ሰው ነው የሚያወራው። አንቺ እኛ ቤት ብትገቢ የማን ሚስት ናት ይባላል። የልጅቷ ዕድል ነው የሚሰበረው።»

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

ፑርና መልስ ከመስጠቱ በፊት ራቢንን አየው። ራቢን «ክብሪት ልግዛ» ብሎ ወጣ። ሲጋራ አያጨስም።

«ኮከብ ቆጣሪው ይህን ዓመት አትወጣውም አለኝ» አለ ፑርና ዝቅ ባለ ድምፅ። በክረምቱ ደረቱን አንቆት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። «ሻንታ የአክስቷን ልጅ ልታስቀባኝ ነበር። ኮከብ ቆጣሪው ግን አይሆንም አለ። የደም እህት ካልሆነች የዘይቱ ክብ አይዘጋም አለ።»

ሳጃኒ እዚያው እንደቆመች ነገሩን አንድ በአንድ አገናኘችው። ስልኩን። «ሳጁ» ማለቱን። ራቢንን በስሙ መጥራቱን። ከጀርባ ያለችዋን ሎጅ።

«የተጠራሁት ለዚህ ነው» አለች።

«ወንድምሽ እንዲሞት ትፈልጊያለሽ?»

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። እህት የሆነች ሁሉ በዚህ ጥያቄ ትታሰራለች፤ እሱም ያንን ያውቃል። አልፈለገችም። ስትረግመው ባደረችባቸው ሌሊቶች እንኳ እንዲሞት ፈልጋ አታውቅም። ስለዚህ ሳህኑን አነሳች።

ውሃ ሰጠችው፤ «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» አለ። ዘይቱን ጠብ እያደረገች በዙሪያው ዞረች፣ ሞት ክቡን እንዳይሻገር። አንድም ቦታ ክፍተት አልተወችም። በሩ መድረክ ላይ ዋልነቱን አስቀምጣ በድንጋይ መታችው። በአንድ ምት ሁለት ቦታ ሆነ። ከዚያ ሰባቱን ቀለሞች አንድ በአንድ ግንባሩ ላይ ቁልቁል አወረደች፤ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ አጠለቀች። ከዚህ ቅርበት ሲታይ ፈርቷል። ያ ትከሻው ላይ ያወጣት የነበረ ሰው እንደ ሕፃን ፈርቷል። ለደቂቃ አሳዘናት።

«ብላ» አለችው፣ ዳቦውን ቆርሳ ወደ አፉ እያቀረበች። «የእናታችን ነው። በቅቤ ነው የጠበስኩት።»

ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ሐኪም ቅባት ከልክሎኛል።»

«ትንሽ። ለወጉ።»

«ሳጁ፣ አታስቸግሪኝ። የእናንተ ቤት ምጣድ...» ብሎ ተወው።

ቁራሹ እጇ ላይ ቀረ። ፑርና በፌስታል የተጠቀለለ ልብስ አልጋው ላይ አኖረ፤ «ጥሩ ሐር ነው» አለ። «እግዜር ያክብርሽ» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። መሐረቡን ከወንበሩ ላይ ማንሳት አልረሳም።

ሳጃኒ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከታች መተላለፊያው ጫፍ ላይ የሰፈሩ ቧንቧ አለ። ፑርና ግራ ቀኙን አየ። መሐረቡን አርሶ ግንባሩን ጠረገ። አንድ ጊዜ አልበቃውም፤ ደግሞ አርሶ ፈተገው፤ ስልኩን አውጥቶ እንደ መስታወት ራሱን አየበት፤ የቀረችውን ቢጫም ቅንድቡ ሥር አገኛትና አጠፋት። ሰባቱም ሄዱ። ከዚያ እንደ ማንኛውም የበዓል ሰው ወደ ቤቱ ገባ።

ልቅሶ መጣባት፤ አላለቀሰችም። ተናደደች። በሕይወቷ እንዲህ ተናድዳ አታውቅም፤ ንዴቱ ደግሞ በእሱ ብቻ ሳይሆን ለእሱ ብላ ዋልነት ስትመርጥ በነበረችው በራሷም ጭምር ነው።

ራቢን ተመልሶ ገባ። ክብሪት አልያዘም፤ የያዘው ጉንጉኑን ነው።

«የደረጃው መደገፊያ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለ። ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት ክብ፣ የተፈረከሰውን ዋልነት፣ እጇ ላይ ያለውን ቁራሽ አየ። «በላ?»

«አንተ ብላ» አለችና አጎረሰችው። ደግሞ አንድ ሙሉ ሰጠችው። ቆሞ በላ፤ በታመመው ጥርስ በኩል ሳይሆን በሌላው።

ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ሐሩን ሳጃኒ ለሎጁ ክፍል ጠራጊ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ተሳስተሽ ነው ብላ ደረጃ ድረስ ተከተለቻት።

«አሁን ከወጣን አውቶቡስ አለ» አለ ራቢን መንገድ ላይ። «ሙና ማታ ድረስ ትጠብቃለች።»

«እንሄዳለን። መጀመሪያ አንድ ቦታ አለኝ።»

አሳንን በትከሻዋ ሰንጥቃ አለፈች። ሰዉ ሁሉ ግንባሩ በቀለም አሸብርቋል፤ ወንድሞች ሐምራዊ ጉንጉን አጥልቀው፣ የጠገበ ሆዳቸውን እየደባበሱ ይንጎራደዳሉ። የንግሥቲቱ ኩሬ ጋ ሲደርሱ የብረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰልፉም በአጥሩ ዙሪያ ዞሮ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ራቢን ነገሩ ገብቶት ቆመ።

«ሳጃኒ፣ ወንድምሽ እኮ አለ።»

«ይኑር» አለች። «ብዙ ዓመት ይኑር። ዘይቱን አንድም ቦታ ሳልበጥስ ነው ያዞርኩለት።»

ሻንጣውን ተቀብሎ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እሷ ጉንጉኑን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ አንዲት ነጠላ ጫማ ያደረጉ ባልቴት ነበሩ፤ ዞር ብለው ልብሷን፣ ጉንጉኗን፣ ፊቷን ተመለከቱ።

«በዚህ ሰልፍ አይቼሽ አላውቅም ልጄ» አሏት። «አዲስ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ ዘንድሮ ነው።»

«አይ፣ የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። ከዚያ ትለምጂዋለሽ። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው።» እጇን ያዙላት። «ታላቅሽ ነበር ታናሽሽ?»

ሳጃኒ ከኩሬው ማዶ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ ወደ አሳን ተመለከተች።

«ታላቄ ነበር» አለች።

ባልቴቲቱ «ነፍሱን ይማር» ብለው ወደፊት ተራመዱ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሳጃኒም ተከትላቸው ድልድዩ ላይ ወጣች።